ጋሽ ሙሄና የውሃ መሳቢያው ሞተር

በየከተማው ከሰው ሳይጣላ ከብሎን ጋር ብቻ የተጣላ አንድ ሰው አይጠፋም። ደህና የሚሠራ ነገር ሲያይ እጁን ይበላዋል። ሬዲዮኑ ጥርት አድርጎ እየተናገረ ሳለ "ይሄኮ ከዚህ በላይ መጮህ ነበረበት" ይልና ጀርባውን ይከፍተዋል። ከዚያ ወዲያ ቤተሰቡ ዜና የሚሰማው ጎረቤት ሄዶ ነው። ለሸዋ ሮቢት የደረሷት ጋሽ ሙሄ ነበሩ። እኔ ደግሞ፣ ለኃጢአቴ ይሁን ለጽድቄ፣ ግቢያቸው ውስጥ ክፍል ተከራይቼ የምኖር የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ።

"ክቡር መሐንዲስ" የሚለውን ማዕረግ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ለሹፈት ነበር፤ እሳቸው ግን ሹመቱን በደስታ ተቀበሉት። የሳሎኑ በር ትንሽ ጠመመ ብለው ነቅለውት ሁለት ወር በመጋረጃ ኖረናል። የባለቤታቸውን የእትዬ ሙሚናን የልብስ ስፌት መኪና "በእጥፍ ፍጥነት እንዲሰፋ" ብለው ነካኩት፤ በእጥፍ ፍጥነት ክር ይበጥስ ጀመር። አለቀ ወይ ተብለው ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፦ "ገና ነው፤ ግን ደርሷል።"

ይህን ሁሉ ግን በፒካፗ ላይ ካደረጉት ጋር ሳስተያየው ጨዋታ ነው።

ፒካፗ ከአባታቸው የወረሷት፣ ዓይኗ ጎላ ጎላ ያለ፣ ሽንኩርት ጭና ደብረ ሲና የምትመላለስ አሮጌ መኪና ነበረች። በ1973 ዓ.ም. ግን ቤንዚን በኩፖን ሆነና ለጋሽ ሙሄ የምትደርሳቸው ኩፖን ካራቆሬ አድርሳ የማትመልስ ሆነች። መኪናዋ ቆመች። ጋሽ ሙሄ ሳምንት ሙሉ ዙሪያዋን ሲዞሩ ሰነበቱና አንድ ጠዋት ጠፉ። ከሰዓት በኋላ በሌላ ሰው የጭነት መኪና ላይ ሆነው ተመለሱ። አጠገባቸው ከጀውሃ ያመጡት የጥንት የውሃ መሳቢያ ሞተር ተጭኗል። የናፍጣ ነው። ለዓመታት ዶሮ ሲያድርበት ኖሮ ሲያወርዱት ላባ ይበትናል።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን ይዘህብኝ መጣህ?" አሉ እትዬ ሙሚና።

"አዲስ ልብ ነው፤ ለመኪናዋ።"

"አዲስ? ወላሂ ይሄ ከአባቴ ይበልጣል!"

"ናፍጣ ለወፍጮ እየተባለ ይታደላል፤ አይጠፋም። አንድ ሳምንት ብቻ ታገሺኝ።"

ሳምንቱ አሥራ አራት ወር ሆነ። ሞተሩ ከመኪናዋ ሆድ ረዘመ፤ ጋሽ ሙሄ በሞተሩና በሹፌሩ መሀል ያለውን ግድግዳ ቆርጠው አስገቡት። ኮፈኗ አልገጥም አለ፤ በገመድ ታሰረ። ሞተሩና ካምቢዮው ደግሞ ብሎናቸው አልተዋወቀም። ሁለቱን የሚያጋባ ወፍራም ብረት በእጅ ሞርደው ለመሥራት አራት ወር ፈጀባቸው። የሞረዱ ድምፅ ጥርሴ ውስጥ ገብቶ ክፍል ውስጥ ጠመኔ ሲጮህ እንኳ እሳቸው የመጡ ይመስለኝ ነበር። ወደ ደብረ ብርሃን እንድዛወር ማመልከቻ ያስገባሁት ያኔ ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ማብራሪያው ነው። ደብተር ላርም በረንዳ ላይ ስቀመጥ፣ "መምህር፣ ና እስቲ ይህን ስማኝ" ይሉና ስለ ናፍጣ፣ ስለ አየር፣ ስለ ቧንቧ ይተነትኑልኛል። እኔ ቀና ሳልል "እሺ፣ ጋሽ ሙሄ" እላለሁ።

መጀመሪያ የተነሳ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ሞተሩ አጓራ፣ ግቢው በጭስ ታፈነ፣ እትዬ ሙሚና እልል አሉ። ችግሩ፣ ክቡር መሐንዲስ እንዴት እንደሚጠፋ አላሰቡበትም ነበር። ከቀትር እስከ ከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ድረስ እንዳጓራ ቆይቶ ናፍጣው ሲያልቅ በራሱ ጊዜ ዝም አለ። በማግስቱ ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ አንድ ማጥፊያ ሠሩለትና ከወንበሩ ሥር ደበቁት። ሽቦው ካልተሳበ ናፍጣ አይሄድም።

በመጨረሻ መኪናዋ ሽንኩርት ጭና መንገድ ገባች። ጀውሃ ስትደርስ ሰዎች ከምግብ ቤት እየወጡ "ፓምፑ መጣ! ፓምፑ መጣ!" ይላሉ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያርፋል። ጋሽ ሙሄ ግን "ትንሽ ዘይት ታነባለች፤ ገና ናት" ብለው ጎማ ማሸጊያ ፍለጋ በአውቶቡስ ኮምቦልቻ ሄዱ።

የሄዱ ዕለት ረፋዱ ላይ የከተማው ካድሬ ጓድ ሽፈራው አንድ ሹፌርና ሁለት ታጣቂ አስከትሎ ግቢ ገባ።

"መኪናዋ ለዘመቻ ስንቅ ማመላለሻ ትፈለጋለች" አለ።

መቼ ትመለሳለች ብሎ የጠየቀ የለም። በዚያ ወር ከተወሰዱት መኪኖች አንዱም አልተመለሰም ነበር። የወፍጮ ቤቱ መኪና ደግሞ የሄደው ከነባለቤቱ ነው።

ሹፌሩ የሞተር ማዞሪያውን ብረት፣ ማኖቬላውን፣ አስገብቶ አዞረ። ደገመ። ሸሚዙን አውልቆ ሰለሰ። መሪው ጋ ወጥቶ ተቀመጠና ታጣቂዎቹ ገፉለት። መኪናዋ አንዴ እንኳ አልሳለችም።

"ናፍጣ አለው" አለ ሹፌሩ እያለከለከ። "ለምን እንቢ እንዳለ አልገባኝም።"

ጓድ ሽፈራው ወደ እትዬ ሙሚና ዞረ። እሳቸው ከስፌታቸው ቀና ሳይሉ "ጌታዬ፣ እኔ ብረት ምኑን አውቄ" አሉ።

"መምህር፣ አንተስ? የምትኖረው እዚሁ ነው። መኪናዋ እንዴት ነው የምትነሳው?"

አውቅ ነበር። የሹፌሩ ተረከዝ ከሽቦው አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነበር። በእጄ የያዝኩት ቀይ እስክርቢቶ የተማሪ ደብተር ላይ እንደተተከለ ቀርቶ ቀለሙ ይሰፋል።

"ጓድ፣ እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ" አልኩ። "ይቺ መኪና ስትነሳ እንኳ አይቼ አላምንም።"

ጓድ ሽፈራው "ውሸትህ ከተገኘ የምታስተምረው እስረኛ ነው" አለና ወረቀት አውጥቶ "ከአገልግሎት ውጪ" ብሎ ጽፎ፣ ማኅተም አሳርፎ መስታወቷ ላይ አስለጠፈ። ሄዱ።

በማግስቱ ቀትር ላይ ጋሽ ሙሄ ደረሱ። ወረቀቱን አነበቡ። አላህን ያመሰግናሉ ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው ደም ለበሰ።

"ከአገልግሎት ውጪ? የኔ መኪና? አሁኑኑ አስነስቼ ቢሮው ደጃፍ ላይ አቆምለታለሁ!"

"አላህን ፍራ! ይወስዱሃል!" አሉ እትዬ ሙሚና።

"ይውሰዱኝ! ግን ትሠራለች ብለው ይውሰዱኝ!"

ማኖቬላውን አነሱ። እኔም ሮጬ መኪናዋ ፊት ቆምኩና ክንዳቸውን ያዝኩ።

"ጋሽ ሙሄ፣ መኪናዋ ምንም አልሆነችም። ማስነሻውን እያወቅኩ ለሹፌሩ ያልነገርኩት እኔ ነኝ።"

"አንተ ምን ታውቃለህና?"

"መጀመሪያ ናፍጣው ይከፈታል። ቀጥሎ የቧንቧው ብሎን ግማሽ ዙር ላልቶ፣ አረፋው እስኪያልቅ አየሩ ይወጣል። ከዚያ ከወንበሩ ሥር ያለው ሽቦ ይሳባል። ከዚያ የተለኮሰ ጨርቅ አየር መሳቢያው ላይ ይያዝና ማኖቬላው ይዞራል።"

ማኖቬላው ቀስ ብሎ ከእጃቸው ወረደ።

"መቼ ተማርከው?"

"ዓመት ከምናምን ሙሉ ሲነግሩኝ አልነበር እንዴ?"

"እኔኮ" አሉ፣ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥኖ፣ "የምትሰማኝ አይመስለኝም ነበር።" ጢማቸውን ዳበሱ። "እስቲ ድገመው።"

ደገምኩት። ሽቦው ጋ ስደርስ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

"ተሳስተሃል፣ መምህር" አሉ እትዬ ሙሚና። "ሽቦው የሚሳበው አየሩ ከመውጣቱ በፊት ነው።" ክራቸውን በጥርሳቸው በጠሱና ስፌታቸውን ቀጠሉ።

ዘመቻው እስኪያልፍ መኪናዋ ሳትነሳ ከረመች። ለጋሽ ሙሄ ከዚህ የከፋ ቅጣት አልነበረም፤ እጃቸው ሥራ ሲፈታ የኔን አልጋ ፈቱት። መሬት ላይ ተኛሁ።

እኔም ካድሬው በመጣበት ሳምንት ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄጄ ወደ ደብረ ብርሃን እንድዛወር ያስገባሁትን ማመልከቻ ሳብኩ። ጸሐፊው በግንባሩ የሚወርደውን ላብ በመሐረቡ እየጠረገ ምክንያቴን ጠየቀኝ።

"የሮቢት አየር ተስማምቶኛል" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ፤ ጊዜው የሮቢት ቆላ የሚነድበት ሰኔ ነበር። እንደነገርኩት ጻፈው።