ደረታችን ላይ የቀረች ክፍለ ሀገር

ወዳጆችን ለማጣላት ርስት ማካፈል አያስፈልግም። ማሊያችሁ ላይ ምን ዓይነት አርማ ይሰፋ ብሎ ማማከር ይበቃል። አማካሪው ደግሞ እንደ እኔ በራሱ የሚተማመን ሰው ከሆነ ነገሩ ያለ ማንም እርዳታ ይጦፋል።

እኛ ኦስሎ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንጫወት፣ ጉልበታችን ከምኞታችን ቀድሞ ያረጀ የአበሻ ቡድን ነን። አንዳንዶቻችን አልናብሩ በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ሣጥን እንገፋለን፣ አንዳንዶቻችን አውቶቡስ እንነዳለን፣ አንዳንዶቻችን አረጋውያን እንጦራለን፤ ሜዳ ላይ ግን ሁላችንም አሠልጣኝ ነን። ለአሥር ዓመት ያህል በነጭ ካናቴራ ስንጫወት በኳስ እንጂ በሌላ ነገር ተጣልተን አናውቅም ነበር። አንድ ጊዜ ታዲያ ከኖርዌጂያኖች ጋር ውድድር ገባንና ሁሉም ደረቱ ላይ አርማ እንዳለው አየን። አንዱ የመንደሩን ወንዝ አስጠልፏል፣ አንዱ የመንደሩን ቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ ደግሞ የእንጨት መሰንጠቂያ መጋዝ። ቀናን። የአርማ ኮሚቴ ይቋቋም ተባለና ሰብሳቢ ሆኜ ተመረጥኩ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ የአርማ ኮሚቴ ሰብሳቢ ምን እንደሚበላ ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

በመጀመሪያው ስብሰባ አንዱ አንበሳ ይሁን አለ። ሁላችንም ተስማማን፤ ስምምነቱ ሦስት ደቂቃ ያህል ቆየ። ከዚያ አንበሳው ዘውድ ይድፋ አይድፋ የሚል ጥያቄ ተነሣና ሁለት ቅዳሜ በላ። አንበሳው ሲያስቸግር ሌላው ተነሥቶ በተወለደበት አገር ያለው ተራራ ይሁን አለ። ወዲያው አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው፣ ያ ተራራ በእኛ በኩል ነው እንጂ በእናንተ አይደለም አለው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ለዓመታት በአንድ መኪና አብረው ሲመጡ የኖሩ ናቸው፤ የዚያን ዕለት አንዱ በባቡር ተመለሰ። በሦስተኛው ሳምንት ቡድኑ ለሁለት ይከፈል የሚል ወሬ ደረሰኝ።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተውና እውነቱን ልናገር፦ ፈራሁ። ቅዳሜ ከሌለ እኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሣጥን የሚገፋ ሰው ብቻ ነኝ። ስሜን አስተካክለው የሚጠሩኝ፣ ኳስ ስስት እንኳ በአማርኛ የሚሰድቡኝ እነዚህ ሰዎች ናቸው። ይህ ቡድን ቢፈርስ ከየት አመጣቸዋለሁ?

ሐሳቡ የመጣልኝ እንዲህ በተጨነቅሁበት ሰሞን ነው። ከአገር ቤት ምንም አንውሰድ፤ ከዚሁ የምንኖርበትን ቦታ ስም እንውሰድ አልኩ። ችግሩ ከመካከላችን ግማሹ የቤት ዋጋ ገፍቶት ከኦስሎ ድንበር ወዲያ ተሻግሯል። ከድንበሩ ወዲያ ያለው ደግሞ ሌላ ፊልከ ነው፤ ፊልከ ማለት እንደ እኛ ክፍለ ሀገር መሆኑ ነው። ያን ጊዜ መንግሥት ሦስት ነባር ፊልከዎችን አጣብቆ ቪከን የሚል ስም አውጥቶላቸው ነበር። ወደድኳት! አዲስ ናት፣ ማንም አያቱ ለእሷ ሲል አልሞተም፣ ማንም ተራራዋ የእኔ ነው አላለም። እኔ ራሴ እዚሁ ከተማው ውስጥ፣ ጋምለ ኦስሎ የሚባል ሰፈር ነዋሪ ነኝ፤ ቪከን ውስጥ አንድ ሌሊት አድሬ አላውቅም። ክፉ ሰዎች ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ብለውኛል። ግን መሪ ለራሱ ሰፈር ብቻ የሚያስብ ከሆነ ምኑን መሪ ሆነ?

ቆሜ ንግግር አደረግሁ። በኖርዌይ ተራራ አይነቃነቅም፣ ድንበር አይነቃነቅም፣ ባቡር በሰዓቱ ይመጣል አልኩ። ባቡሩ ላይ ስደርስ አንዱ ሳቀ። ቢዘገይም ይቅርታ ይጠይቃል ብዬ አፉን አስያዝኩት። ለልጅ ልጆቻችን የምናወርሰው አርማ ይህ ነው ብዬ ስቀመጥ አጨበጨቡልኝ። ኳስ፣ ከሥሩም «ቪከን» የሚል ጽሑፍ ያለበት አርማ በወርቃማ ክር ተጠልፎ መጣ።

የተቃወሙኝ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም የቡድኑ አባል ስላልሆኑ ድምፃቸው አልተቆጠረም። አንደኛው የሥራ ባልደረባዬ ኦድቫር ነው። ፎርክሊፍት የሚባለውን የዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳል፣ የመንደሩን ክለብ አርማ የያዘ ቆብ ከራሱ አይወርድም። መንደሩ ከሦስቱ ነባር ፊልከዎች በአንዱ ውስጥ ነበረች። የቪከን ሰው ነኝ ብሎ የሚያምን አንድ ሰው አምጣልኝና ዋፍል የሚሉትን ጣፋጭ ቂጣ እንጎቻ የሚያክል እጋብዝሃለሁ አለኝ። ወንድሜ ይለመዳል፣ እኛ ስንቱን ለምደናል ብዬ መከርኩት። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ሰብለ ናት። ሰብለ መሀል ከተማው ሴንትሩም የሚገኝ የቪከን ፊልከ ቢሮ ታጸዳለች። አርማውን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችና «ይሄ በክር ነው የተሰፋው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «የእነሱ ቪከን ግን በር ላይ የተለጠፈው በማጣበቂያ ነው። የነባሩን ፊልከ የመዳብ ሰሌዳ አልጣሉትም፤ እኔ መጥረጊያ የማስቀምጥበት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። አቧራ ሲይዘው እወለውለዋለሁ። ሰው የጨረሰውን ነገር ያስቀምጣል እንዴ?» አለች። የአስተዳደር ነገር ከቁም ሳጥን አይታይም ብዬ ሳቅሁባት።

አርማው ታጥቦ ቀለሙ እንኳ ሳይለቅ ቪከን ትፍረስ ተባለ። ፈረሰችም። ሦስቱ ነባር ፊልከዎች ስማቸውን ይዘው ተመለሱ። ኦድቫር የዚያን ዕለት ፎርክሊፍቱን እያፏጨ ነዳ፤ ሲያየኝ ቆቡን ብቻ ከፍ አድርጎ ሰላም አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ቅዳሜ ጨዋታ ነበረን። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ስገባ ክርክሩ ደርቷል። የክንፍ ተጫዋቻችን ዮናስ፣ ከሁላችንም በዕድሜ ትንሹ፣ መቀስ ይዞ «ኔይ፣ ኔይ፣ ደት ጎር ኢከ! አይሆንም! በሌለ አገር ስም እንዴት እንጫወታለን? ሰው ይስቅብናል» ይላል። አንዱ ጥግ ላይ አንበሳው ተመልሷል፣ ከነዘውዱ። ተራራውም ተመልሷል። ሁለቱ የተራራ ሰዎች ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ጫማቸውን ያስራሉ። ሰብሳቢ ነህና ተናገር ሲሉኝ፣ ወግ አይጥፋ ብዬ ቆምኩ፤ ከዚያ የማሊያዬን ጫፍ ማስተካከል ያዝኩ።

ያን ጊዜ በረኛችን ጋሽ ወርቁ ጓንታቸውን እያጠለቁ ተነሡ። ጋሽ ወርቁ በዓመት አንዴ ቢናገሩ ነው፤ ሜዳ ላይም «ያዙት» እንኳ አይሉም፤ ለዚህም ነው ብዙ ግብ የሚገባብን። እንዲህ አሉ፦ «እኔ የተወለድኩበት አውራጃ ዛሬ የለም። የተማርኩበት ክፍለ ሀገርም የለም። ኮሙኑ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ፎርም በሰጠኝ ቁጥር የትውልድ ቦታ የሚለው ላይ የተለያየ ስም ነው የምጽፈው። እኔ ስሙ ሲቀየር ያየሁት አገር ሁሉ ሰው ዕቃውን ጠቅልሎ ሲሸሽበት ነው ያየሁት። ይቺ ቪከን ግን ፈረሰች፣ አንድ ሰው እንኳ አልሸሸም። በማግስቱ አውቶቡሱ በሰዓቱ መጣ፣ ጎረቤቴም እንደ ወትሮው ሰላም አለኝ። እንዲህ በሰላም ፈርሳ የምታውቅ ሌላ አገር ካለች ስሟን ንገሩኝና እሱን እንሰፋለን። ከሌለች እኔ ይቺን ከደረቴ አላወርድም።»

እኔ እንባዬ መጣ፤ ላብ ነው ብዬ እንዳልጠርገው ገና አልተጫወትንም። ዮናስ መቀሱን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ከሁለቱ የተራራ ሰዎች አንዱ ሌላውን፣ ዛሬ በምን ልትመለስ ነው ብሎ ጠየቀው። ወጥተን አራት ለባዶ ተሸነፍን፤ ሁላችንም አንድ ላይ።

ቤት ስገባ ለሰብለ ሁሉንም አወራሁላት፤ በእርግጥ የጋሽ ወርቁን ንግግር ሳወራ ሐሳቡ በከፊል የእኔ እንደነበር ጠቆም አድርጌያለሁ። ሰምታ ስትጨርስ፣ የመዳቡ ሰሌዳ እሷ እንደወለወለችው እያብለጨለጨ በሩ ላይ ተመልሶ መሰቀሉን ነገረችኝ። ቪከን የሚለውስ የት ደረሰ አልኳት።

«ቆሻሻ መጣያ አጠገብ ጥለውት አየሁና አሳዘነኝ። አንሥቼ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አስገባሁት» አለች።

ሰኞ ጠዋት፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት፣ ለጥልፍ ቤቱ ደውዬ ሌላ ሠላሳ የቪከን አርማ አዘዝኩ።