ዝም ብሎ የመቀመጥ ጨዋታ

የልጅ ልጄ ሀያት አሻንጉሊቷን እግሯን ይዛ እየጎተተች አመጣችና የኔ በርጩማ ላይ አስቀመጠቻት። ራሷም ከጎኗ መሬት ላይ ተቀመጠች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከቤታችን ፊት ያለውን የደቻቱን ወንዝ ትኩር ብላ ማየት ጀመረች። ቆይታ ዞር ስትል አሻንጉሊቷ ወደ ግድግዳው አዘንብላለች፤ አንገቷን ይዛ ወደ ደቻቱ መለሰቻት። ከዚያ ዝም። ሁለቱም ዝም።

እኔ በር ላይ ቆሜ ሳቅሁ። ልጄ አልሳቀችም።

«አባዬ፣ ምን እየተጫወተች እንደሆነ ገባህ?»

ትከሻዬን ሰበቅሁ።

«አንተን ነው የምትጫወተው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ኢንዱስትሪ ፓርክ ትሠራለች፤ ጎህ ሲቀድ ሰርቪስ ይወስዳታል፣ ሀያት ከኔ ጋር ትውላለች። እኔ ደግሞ እንደምታውቋቸው ሽማግሌዎች ነኝ፣ ደህና አደሩ ሲሏቸው በቅንድባቸው እንደሚመልሱት። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የኔንም ድርሻ እሷ ነበረች የምታወራልኝ። ስትሄድ ድርሻዬን ይዛው ሄደች።

ሕፃን የሚጠብቅ ሰው ጨዋታ የሚያይ ይመስለዋል፤ የሚያየው ጠባይ ነው። ቆርኪ በጣሳ ሰብስቤ ሰጠኋት። መጀመሪያ በአፏ ቀመሰችው። ሰንበት ብላ ቀዩን ከቀይ፣ ቢጫውን ከቢጫ ማጎራበት ያዘች፤ ማንም አላሳያትም። የጆጉ ክዳን እንቢ ሲላት አታለቅስም፤ ታስቀምጠዋለች፣ ታየዋለች፣ አዙራ ትሞክረዋለች። ወተት ሻጯ በኦሮምኛ «ኮቱ» ብላ ስትጠራት ትሄዳለች፣ ጎረቤታችን በሶማልኛ «ካላይ» ስትላትም ትሄዳለች። መልሷ ግን የኔው ነው፤ እሺ ለማለት ቅንድቧን ታነሳለች፣ እምቢ ለማለት ምላሷን ታጮሃለች፣ አዎ ስትል እንደ ባልቴት ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ ታደርጋለች።

እኔም ኮራሁ። ለካ የኮራሁት በራሴ ዝምታ ነው።

ሁለት ዓመት ሞልቷት አንድ ቃል ያልወጣት ልጅ እናትን ታስጨንቃለች። ልጄም ገጠር፣ ዋሂል ላሉት አማቷ ልትሰጣት ቆረጠች። ቤታቸው ልጅ የሞላበት ነው፤ እሳቸውም ሰው ቢያጡ ከፍየል ጋር የሚያወሩ ሴት ናቸው። «አፏን እስክትፈታ ነው፣ አባዬ» አለችኝ። እኔ አወራታለሁ፣ ተይልኝ ማለት ነበረብኝ። ልብሷን አጣጥፌ ሰጠኋት። መኪናው ሲነሳ ሀያት በመስኮት ቅንድቧን አነሳችልኝ፤ እኔም አነሳሁላት። አሻንጉሊቷን ረስታ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ደቻቱን የማየው ከአሻንጉሊቷ ጋር ነው። ውሃ የለውም፣ አሸዋ ነው። አትሳቁብኝ እንጂ ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት «ደህና አደርሽ?» እላታለሁ። ልጅቷ እያለች ያልወጣኝ ቃል ለጨርቅ ይወጣኛል።

ትናንት ልጄ ከሥራ ገብታ ዋሂል ደወለችና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው። «እንካ፣ ሀያት ናት። አውራት እንጂ!»

ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር። ቆርኪሽ ጣሳው ውስጥ ነው፣ ወተት ሻጯ ጠይቃሻለች፣ አሻንጉሊትሽ ደህና ናት። ሁሉም ሰልፍ ይዞ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ቅንድቤን አነሳሁ። ስልክ ደግሞ ቅንድብ አያሰማም። ወዲያ ማዶ ፍየል ጮኸ፣ ልጆች ተንጫጩ፣ ከዚያ ሰምቼው የማላውቀው ቀጭን ድምፅ መጣ፤

«አባባ፣ አለህ?»