መስታወት የለሹ ካሜራና የልጄ ክርስትና

ስሙ የበዛ ዕቃ አላምንም። ሰውም ቢሆን ሁለት ስም ካለው ወይ መንኩሷል፣ ወይ ከአገሩ ሸሽቷል። ድሮ ካሜራ ካሜራ ነበር፤ ያነሳናል፣ እንስቃለን፣ አለቀ። ዛሬ ግን ሌንሱ የሚቀያየረውን ልግዛ ብትሉ ሻጩ መጀመሪያ የዘር ሐረግ ይቆጥርላችኋል። ሆዱ ውስጥ መስታወት ያለው ዲኤስኤልአር ይባላል፤ የሌለው ደግሞ ሚረርለስ፣ ማለትም መስታወት የለሽ። እስቲ አሁን ዕቃ በሌለው ነገር ይጠራል? በዚህ ደንብ ከሆነ እኔም በቀበሌው መዝገብ «መኪና የለሽ» ተብዬ መግባት ነበረብኝ።

ያም ሆኖ መስታወት የለሹን ገዛሁ። ሲያነሳ ድምፅ የለውም አሉኝ፤ ይሄም አጠራጠረኝ። ድምፅ ሳያሰማ ሥራ ሠራሁ የሚል ባልደረባ ቢሮ ውስጥ አለኝና። ግን የመጀመሪያ ልጄ ሰማንያ ቀን ሊሞላት፣ ክርስትና ልትነሳ ነው። ክርስትና ደግሞ አይደገምም፤ ያን ቀን በፎቶ ካላስቀረሁት አመለጠኝ ማለት ነው።

ሥርዓቱ የሚፈጸመው የባለቤቴ አባት ዕድሜ ልካቸውን ድጓ ባስተማሩበት፣ ከባሕር ዳር በጀልባ በሚደረስ አንድ የጣና ዳር ደብር ነው። ጠዋት ደረስን። ባለቤቴ ሕፃኗን ታቅፋ ከክርስትና እናቷ ጋር ቀድማ ገባች፤ እኔን በር የሚጠብቁት አባ ኪሮስ በመቋሚያቸው አስቆሙኝ። የደብሩ ደንብ አጭር ነው፤ ፎቶ ካሜራ ይገባል፣ ቪዲዮ ካሜራ ያለ ደብዳቤ አይገባም። አንድ ጊዜ አንዱ ፎቶ ነው ብሎ ገብቶ የማሕሌቱን ዜማ ከነጽናጽሉ ይዞት ሄዷል አሉ። ከዚያ ወዲህ አባ አንገቱ ላይ ካሜራ ያንጠለጠለውን ሁሉ የሚያዩት እንደ ዜማ ሌባ ነው።

የያዝከው የትኛው ነው ብለው ጠየቁኝ። «ፎቶ» ብዬ ብገባ ምን ነበረበት? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም፤ የእኔ አፍ ግን ሻጩ ያስጠናኝን ትምህርት ለማሰማት ሲያሰፈስፍ ነው የከረመው። ካሜራ እንዲህ በሁለት ብቻ አይከፈልም አባቴ፣ አልኳቸው። ፊልም ከሚጎርሰው ጀምሬ መስታወት ያለውን፣ የሌለውን አንድ በአንድ አስረዳሁ። ይሄኛው ፎቶም ቪዲዮም ይሠራል እንዳልኩ ዓይናቸው ጠበበ። ላሳምናቸው ብዬ ሌንሱን ነቅዬ ሆዱን አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው መረመሩ፤ እውነትም መስታወት የለውም።

«ዓይኑ እየተነቀለ በሌላ የሚተካ ከሆነማ» አሉ ቀስ ብለው፣ «አሁን ፎቶ ነው ብየ ያስገባሁት፣ ውስጥ ምን ሁኖ እንደሚውል በምን አውቃለሁ?»

ሻጩ ለዚህ ጥያቄ አላዘጋጀኝም። እኔም በተራዬ አባን መጠርጠር ጀመርኩ፤ ይህን ያህል የሚመረምሩት አንዱን ሊገዙ አስበው ቢሆንስ? እልህ ያዘኝ። ሁለተኛውን ሌንስ ከቦርሳዬ አውጥቼ ይሄ ለቅርብ፣ ያ ለሩቅ እያልኩ ማብራራት ያዝኩ። ሁለታችንም ካሜራው ላይ አጎንብሰን ሳለ ከክርስትና ቤቱ እልልታ ተሰማ።

የማን ልጅ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ወዲያው ክው አልኩ። በዚያ ጠዋት ክርስትና የምትነሳው የእኔዋ ብቻ ነበረች። እኔ ደጅ ላይ ካሜራ በየስሙ ስጠራ፣ ውስጥ ልጄ ወለተ ሚካኤል ተባለች። አፈርኩ፣ ከልቤም አዘንኩ። አባም ሳያዝኑልኝ አልቀሩም፤ ያለ ደብዳቤ ከነሁለት ሌንሴ አስገቡኝ። ለምን እንደገባሁ ግን እኔም አላወቅሁም።

ባለቤቴ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ስሟ ሲጠራ» አለችኝ፣ «ዙሬ ፈለግሁህ።»

ከዚያ ዕለት የተረፈን ፎቶ አንድ ነው፤ እሱንም የክርስትና እናቷ በስልኳ ያነሳችው ነው። ስልኳን አባ አልጠረጠሩትም። ፎቶው ላይ ልጄ ውሃው እየተንጠባጠበ በካህኑ እጅ ላይ ናት፤ ከኋላ፣ በተከፈተው በር በኩል፣ ደጁ ላይ ሁለት ሰዎች አጎንብሰው ይታያሉ። አስፍቼ አየሁት፤ ጥርት ብሎ ወጥቷል። ልጄ አድጋ ስሜ ሲወጣ አባቴ የት ነበር ብላ ብትጠይቅ አልዋሻትም፤ ማስረጃው አለ። ሌንስ እየነቀልኩ ነበር።