ክቡር ኦሪጅናልና አራቱ ቀዳዳዎች

በየሰፈሩ አንድ የኦሪጅናል ሰው አለ። አሮጌ መኪና አለው፤ መኪናዋ ከፋብሪካ እንደወጣች ናት፤ ይህንንም ሳይነግርህ አያሳልፍህም። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ ጠቁሙኝ፤ ነገ ጠዋት ዕቃዬን ጭኜ እገባለሁ።

የእኛው ኦሪጅናል ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ናቸው። ፊት ለፊት "ጋሼ" እንላቸዋለን፤ ዞር ሲሉ "ክቡር ኦሪጅናል"። ግድግዳ ስለምንጋራ ጋራዣቸው ውስጥ የሚባለውን ሁሉ ሳልፈልግ እሰማለሁ። አንድ የዋህ እንግዳ "አዲስ ሬዲዮ ቢገባላት እኮ..." ብሎ ከጀመረ አለቀለት። "ፋብሪካው ያላደረገውን እኔ ማን ነኝና አደርጋለሁ?" ይሉታል። ከዚያ የአንድ ሰዓት ትምህርት ይከተላል።

መቼም ስለ መኪናዋ ክፉ አልናገርም፤ ቆንጆ ናት። ቀለሟ ውሃ ሰማያዊ፣ ወንበሯ ቡናማ ቆዳ፣ ሰዓቷ እንኳ እስካሁን ይሠራል። ክቡርነታቸው ያገኟት ሥራ ላይ ሳሉ ነው። የአንድ ሟች የጥርስ ሐኪም ባለቤት የግቢያቸውን ወሰን ሊያስለኩ ጠሯቸው። ሜትር እየጎተቱ ጓሮ ሲደርሱ በመጋዘኑ በር ስንጥቅ አንሶላ የለበሰች መኪና አዩ። መሬቱን ለክተው የጨረሱት በግማሽ ቀን ነው፤ መኪናዋን ለማግኘት ግን አሥራ አንድ ዓመት ፈጀባቸው። በየወሩ እየሄዱ "እንደምን ሰነበቱ?" ይላሉ፤ ባልቴቷም "አልሸጥም። ሻይ ልቅዳልህ?" ይሏቸዋል። በአሥራ አንደኛው ዓመት ባልቴቷ ሻይ ከመቅዳታቸው በፊት "እንዳለች ትይዛታለህ?" አሏቸው። "አንዲት ብሎን አልነካባትም" ብለው ቃል ገቡና ቁልፉን ተቀበሉ።

ቃላቸውን መጠበቅ ብቻ ሳይሆን አበዙት። ለአንዲት የተቃጠለች አምፖል የዚያኑ ዘመን አምፖል ሰባት ወር ፈለጉ። መኪናዋ ውስጥ የሚገባ ወንድ ሁሉ፣ ዘለበቱ የወንበሩን ቆዳ እንዳይጭርባቸው፣ ቀበቶውን ፈትቶ ያስረክባል። እኔ ራሴ አንድ ቀን እስከ ገበያ ሸኝተውኝ፣ ቀበቶዬን መኪናዋ ውስጥ ረስቼ ሱሪዬን በእጄ ይዤ ቲማቲም ገዝቻለሁ።

ባለቤታቸው እትዬ ጡረታ የወጡ የልብስ ስፌት አስተማሪ ናቸው። "እኔም እኮ ኦሪጅናል ነኝ" ይሉኛል፤ "እኔን ግን በየቀኑ በለስላሳ ጨርቅ የሚወለውለኝ የለም።"

ባለፈው ዓመት ታዲያ እትዬ ዳሌያቸውን በቀዶ ጥገና አስቀየሩ። ኦሪጅናል ያልሆነ መለዋወጫ እዚያ ቤት ሲገባ ያኔ የመጀመሪያው ነው። እግራቸው ደህና ሆነ፤ ችግሩ የመኪናዋ ወንበር ዝቅ ያለ መሆኑና ከበሩ በላይ የሚጨበጥ ነገር አለመኖሩ ነው። እትዬ መግባቱን ይገባሉ፤ ተነስቶ መውጣት ግን አይሆንላቸውም። መካኒካቸው መጥቶ አየና "ጋሼ፣ እዚህ ላይ አንድ እጀታ፤ አራት ቀዳዳ፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው" አለ። ክቡርነታቸው የመውጫውን በር አሳዩት። እኔም በበኩሌ ታክሲ ቢጠራላቸውስ ብል "ሚስቴን ሌላ ሰው እየነዳት?" ብለው ለሁለት ቀን አኮረፉኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ እጁን ይሰጥ ነበር። እሳቸው ግን የቅየሳ መሣሪያቸውን ከሳጥን አውጥተው ከተማውን ሊለኩ ወጡ። መኪናዋ የቆመችበት መሬት የእትዬ እግር ከሚያርፍበት በአሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ፣ እትዬ ያለ እጀታ ይነሳሉ፤ ስሌቱ ይህ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከገዛ ደጃቸው ሌላ እንዲህ ያሉ ሰባት ቦታዎች አገኙ፤ ካርታም ሠሩላቸው። ለሦስት ወር እትዬ ከቤት ሲወጡ የሄዱት ከሰባቱ ወደ አንዱ ብቻ ነው፤ ከሰባቱም የተሻለው የአንድ ጎማ ጥገና ቤት በር ነበር። ጎማ ጠጋኙ "እናቴ፣ ዛሬስ ምን ልታዘዝ?" ሲላቸው "ምንም ልጄ፣ ቆም ብዬ ልመለስ ነው" ይሉታል።

እትዬ መሄድ የፈለጉት ግን ታላቅ እህታቸው ቤት ነበር። እህትየው ከአልጋ አይወርዱም፤ ዓይናቸውም ከወር ወር እየደከመ ነው። በደጃቸው ያለው መንገድ ደግሞ አዲስ የተሠራ፣ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ። ነዋሪው ሁሉ የሚያመሰግነውን መንገድ ክቡርነታቸው ሦስት ጊዜ ለክተው ሦስት ጊዜ ረገሙት።

አንድ እሁድ ከሰዓት በግድግዳው በኩል የእትዬን ድምፅ ሰማሁ። ቁጣ አልነበረበትም።

"አንተ ሰውዬ፣ እህቴ መልኬን ሳታየው ዓይኗ ሊጠፋ ነው። አንተ መሬት ትለካለህ።"

ክቡር ኦሪጅናል የቅየሳ መሣሪያቸውን ወደ ሳጥኑ ሲመልሱ ሰማሁ።

በማግስቱ እኔን ለምስክርነት አስከትለው ባልቴቷ ዘንድ ሄዱ። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ እንደ ተከሳሽ ቆመው ነገሩን አስረዱ። "ቃሌን ላፈርስ ስለሆነ ፈቃድዎን ልጠይቅ ነው። አራት ቀዳዳ ናቸው። ትንንሽ ናቸው" አሉ።

ባልቴቷ መጀመሪያ በጥሞና ሰሟቸው፤ ከዚያ ሳቁ፤ ከዚያ እስኪያስላቸው ሳቁ።

"ባሌ ዕድሜ ልኩን ምን ሲሠራ የኖረ ይመስልሃል? ኦሪጅናል ጥርስ ሲነቅል! ሰው እህል እንዲበላ ብሎ። በል ሂድና ብሳት፤ ሴትዮዋን አታስጠብቅ።"

መካኒኩ መሰርሰሪያውን ይዞ መጣ። አራቱን ነጥብ ራሳቸው ለክተው ምልክት ለማድረግ አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። "ጋሼ፣ እኔ ልብሳው" ቢላቸው "አይ፣ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ፤ የምበሳውም እኔ ነኝ" አሉ። መሰርሰሪያው ሲጮህ መካኒኩ ክንዳቸውን ደግፎ ያዘ። አራተኛው ቀዳዳ ሲያልቅ የወደቀውን የብረት ፍርፋሪ በማግኔት ለቅመው ፖስታ ውስጥ ከተቱና "ኦሪጅናል" ብለው ጻፉበት። እስክፈነዳ ልስቅ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ግን ሳቄ ጠፋ። እኚህን ሰውዬ ስንት ዓመት ስቀልድባቸው የኖርኩት ለካ እየወደድኳቸው ነው።

የዚያኑ ዕለት እትዬ እህታቸው በር ላይ እጀታውን ጨብጠው ማንም ሳይደግፋቸው ብድግ አሉ። ክቡርነታቸው ሊይዟቸው ዘርግተውት የነበረው እጅ ባዶውን ቀረ። እህትየው አልጋቸው ላይ ሆነው የእትዬን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው፣ ለረጅም ጊዜ አዩት።

አሁን በሳምንት ሁለቴ ይሄዳሉ። ጋራዡም እንግዳ አላጣም፤ ከሩቅ ሰፈር ሳይቀር መኪናዋን ሊያዩ ይመጣሉ። ትናንትም አንዱ መጥቶ ስለ ሰዓቷ ሲጠይቅ ሰማሁ። ክቡር ኦሪጅናል ግን አስቀድመው የተሳፋሪውን በር ከፈቱለት።

"ሰዓቷ ትቆይ። ይቺን እጀታ ያዛት እስቲ፤ ጠበቅ አድርገህ፣ አትፍራ። ሚስቴ በዚች ነው የምትነሳው።"