የአይተ ተስፋይ አምስት ክንድ

ሰው ቤት ገብታችሁ ማዕዘኑን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ሰው አያይም። የሚታየው በሩ ነው፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ። ማዕዘን ትዝ የሚለን ሲጣመም ብቻ ነው፤ እንደ ዘመድ።

እኔ ማዕዘን ማየት የጀመርኩት መቀሌ ነው። ጣሊያን በወጣ ማግስት ለማስተማር ከሸዋ ሄጄ፣ ወይዘሮ ለተብርሃን ግቢ ውስጥ ተከራየሁ። ባላቸው በጦርነቱ ሞተውባቸዋል። ሟቹ ከመዝመታቸው በፊት የድንጋይ ቤት ጀምረው ነበር፤ በመንገድ በኩል ያለው ግድግዳ ቆሞ ሌላው ቀረ። ሴትየዋ ያለቻቸውን አንድ ደህና ክፍል ለእኔ አከራይተው፣ ከሁለት ሴቶች ልጆቻቸው ጋር ጣራዋ በሚያፈስ ማድ ቤት ያድሩ ነበር። በኪራዩ ድንጋይ ያስመጣሉ። ድንጋዩ ሲበቃ፣ ሓጎስ የሚባል ግንበኛ ቀጠሩ።

ይኼኔ የባላቸው ወንድም አይተ ተስፋይ ብቅ አሉ፤ «አይተ» የእኛው «አቶ» ነው። ጎረቤት ናቸው። በገበያም፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍም፣ «የወንድሜ ሚስት መሬቴን በላችው» ሲሉ ዓመታት አልፈዋል። ሐሰት ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሐሰት መሆኑን ያውቃል። ግን ሐሰትስ ቢሆን ሥራ ማስቆም ያቅተዋል? ድንበሩ ሳይለይ አንድ ድንጋይ አይነባበርም ብለው ሓጎስን አስቆሙት።

ክረምቱ ደግሞ ደርሷል። በጭቃ የተገነባ ግድግዳ ጣራ ሳያገኝ ዝናብ ከቀደመው፣ ጭቃው ይታጠብና ድንጋዩ ወደ ክምርነቱ ይመለሳል። ሴትየዋ ጠዋት ማታ ሰማዩን ያያሉ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። የነገሩ ፍሬ ቀላል ነበር፤ ከቆመው ግድግዳ ጫፍ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ የሚሄደው መስመር የሁለቱ ድንበር ነው። በዚህ ሁሉም ተስማማ። ቀጥ ማለት በየትኛው ነው ሲባል ግን፣ ያው እንደምታውቁት ነው፤ ሁሉም የየራሱ ቀጥታ አለው።

ሓጎስ በጣሊያን ጊዜ ግንብ የሠራ ሰው ነው። ከኪሱ የሚታጠፍ ሜትር ሲያወጣ ሽማግሌዎቹ ፊታቸው ጠቆረ። ሟቹን በገደለ ሰው መለኪያ የሟቹ ቤት አይለካም አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሓጎስም አልተከራከረም። ሜትሩን አጥፎ ገመድ አወጣ። በአንዱ ግድግዳ ሦስት ክንድ፣ በሌላው አራት ክንድ ለኩ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው አምስት ክንድ ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ነው፤ ለዚህ ጣሊያንም ሐበሻም የለበትም፣ አላቸው። እኔም በትምህርት ቤት ለልጆቹ የማስተምረው ይህንኑ ነው ብዬ ደገፍኩት።

ሽማግሌዎቹ ወደዱት። አንድ ነገር ብቻ ቀራቸው፤ በማን ክንድ?

በአንድ ሰው ክንድ ከተለካ አድልዎ ነው። ስለዚህ ሽምግልና እንደሚያደርገው ለሁሉም አካፈሉት። ከሴትየዋ ወገን አጎታቸው ይለካሉ፣ ከወንድምየው ወገን ራሳቸው አይተ ተስፋይ፣ ለገላጋይነት ደግሞ የሰፈሩ ቄስ።

«ኧረ አይሆንም!» አለ ሓጎስ። «የማንም ክንድ ይሁን፣ ግን የአንድ ሰው ይሁን።»

«አንታ ሓጎስ፣ ጭቃህን አቡካ!» አሉት አይተ ተስፋይ። «ዳኝነት የሰጠህ ማነው?»

እኔም አፌን ከፈትኩ። አንደኛው ሽማግሌ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው፣ «መምህር፣ አንተ የልጆች ነህ፤ ይህ የአዋቂ ነገር ነው» አሉኝ።

ክፍፍሉ ላይ አይተ ተስፋይ ቀደሙ። አምስቱ የእኔ ነው አሉ። ከቁጥሮቹ ትልቁ እሱ ነዋ! በዚያ ላይ ክንዳቸው ከሁሉም ይረዝማል፤ በዚህም ይኮሩበታል። አጭሩ አጎት ሦስቱን ለኩ፣ ቄሱ አራቱን፤ አይተ ተስፋይ ጣታቸውን እስኪያማቸው ዘርግተው አምስቱን። ችካል ተመታ። ይህን መስመር ያፈረሰ ይፈረስ ተብሎ፣ በቄሱ መስቀል ፊት ተማማሉ።

አሁን አስቡት። ሁለቱን ግድግዳዎች ከቤቱ ውስጥ የሚያገናኘው ገመድ በረዘመ ቁጥር ማዕዘኑ ይከፈታል። ማዕዘኑ ሲከፈት ግድግዳው ወደ ውጭ ይሸሻል። ውጭው የማን ነው? የአይተ ተስፋይ። ወዲያ ጫፉ ላይ ሲደረስ፣ በግ አስሮ ለማደለብ የሚበቃ መሬት ወደ ሴትየዋ ቤት ገብቷል።

የሰፈራችን ዓይን ጠማማ አጥር ስለለመደ ማንም ልብ አላለም። ሓጎስ ግን ለሴትየዋ ነገራቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ባሌ ከወንድሙ ጠጠር ሳይወስድ ነው የሞተው፤ እኔ በቤቱ ሌባ አልሆንም አሉ። በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌዎቹን ሰብስበው፣ በአንድ ሰው ክንድ እንደገና ይለካ ሲሉ ለመኑ።

አይተ ተስፋይ ዓይናቸው ጠበበ።

«ትናንት የማለች ሴት ዛሬ ምን አገኘች?»

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ስለ አንተ ብዬ ነው» አሉ ሴትየዋ።

«ስለ እኔ? አንቺ? እዋይ!» ሳቁ። «አያችሁ ሰዎች? አምስቱ ክንዴ አቃጥሏታል! የተማለ ተምሏል። ግንበኛ፣ ገንባ!»

ሽማግሌዎቹም መሐላ አይፈታም አሉ። ሴትየዋ ሊያስረዱ ሦስት ጊዜ አፋቸውን ቢከፍቱ፣ ሽማግሌዎቹ ሦስቴም ተቆጧቸው። ሓጎስ ገነባ። ዝናቡ ሲወርድ ጣራው ላይ ወረደ፤ ልጆቹ ደረቅ መሬት ላይ ተኙ። እናታቸው ግን ከዚያ ወዲህ ጠላ በጠመቁ ቁጥር የመጀመሪያውን ገንቦ ለአይተ ተስፋይ ይልካሉ።

አይተ ተስፋይ ጠላውን ይጠጣሉ፤ ይጠጡና ገበያ ወጥተው፣ መሬቴን ባትበላ ኖሮ ይህን ሁሉ ጠላ ለምን ትልክልኛለች ይላሉ። ያን ሁሉ ዓመት ሐሰት የነበረውን ክስ በገዛ ክንዳቸው እውነት አድርገውታል። ሰሚው ግን፣ አምስቱን የለኩት እርስዎ አይደሉም እንዴ እያለ ይስቅባቸዋል። ሐሰት ሲናገሩ ቢያንስ ሽማግሌ ተቀምጦላቸው ነበር።