ለመጽሐፌ የተተከለ ድንኳን

ስለ ስኬት የሚያስተምር ሰው ሌላ ሥራ ያጣ ሰው ነው። አትቆጡኝ! ይህን የምለው እኔው ነኝ፤ እንጀራዬም እሱው ነው። የባንክ ሠራተኛውን «ትከሻህን ቀና አድርግ»፣ ሻጩን «ዓይን ዓይኑን እያየህ አውራ» እያልኩ ነው ልጆች የማሳድገው። የሥራዬ ስም «የብቃት አሰልጣኝ» ይባላል። የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ተክሌ ግን ባገኙኝ ቁጥር «ቡድንህ ዘንድሮ ስንተኛ ወጣ?» ይሉኛል።

እንደ እኔ ያለ ሰው ደግሞ መጽሐፍ ካልጻፈ አያርፍም። ጻፍኩ። ርዕሱ «አዳራሹን ሙላው»። ምዕራፍ ሦስት ላይ በደማቁ «ሰው ካልመጣልህ ጥፋቱ የሰው ሳይሆን ያንተ ነው» ብዬ አስቀምጫለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ... ከማተሚያ ቤት የወጣውስ ወዴት ይመለሳል?

ምርቃቱ ለእሑድ ጠዋት ተቆረጠ። ከእንግዶቹ ሁሉ የፈራኋቸው ወይዘሮ ራሔልን ነው። የአንድ ትልቅ ድርጅት የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ናቸው። «መጥቼ አይሃለሁ፤ የራስህን አዳራሽ ከሞላህ ሠራተኞቼን በሙሉ ታሠለጥንልኛለህ» ብለውኛል። ካልሞላሁስ? እሱን አልተናገሩም፤ ፈገግ ብቻ አሉ።

ሰዉን ጠራሁ። መቼም ታውቁታላችሁ፣ የአዲስ አበባ ሰው «አልመጣም» የሚል ቃል አልተፈጠረለትም። ሁሉም «እንዴት እቀራለሁ?» አለኝ። እንዲህ የሚል ሰው እንደሚቀር አሰልጣኝ ሳልሆን በፊት ጀምሮ አውቃለሁ። ይባስ ብሎ የያዝኩት አዳራሽ ሦስት ቀን ሲቀረው ለሠርግ ተሰጠ። ባለቤቴ ሰብለ «የእድሩ ድንኳን ምን አለው?» ብትለኝ ጋሽ ተክሌ ዘንድ ሮጥኩ። ድንኳኑ ለሐዘንና ለሠርግ እንጂ ለመጽሐፍ ወጥቶ አያውቅም። ብዙ አሰቡና ስብሰባ ቀርቼ ስለማላውቅ ብቻ ፈቀዱልኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት ያኔ ማስታወስ ነበረብኝ።

እሑድ በጠዋት ላፍቶ ካለው ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ድንኳኑ ተተከለ። የእድሩ ሰዎች አግዳሚ ወንበር መደርደር የሚያውቁት በአንድ ዓይነት መንገድ ነው፤ ዙሪያውን ደረደሩት። በሩ ላይ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የእኔ ትልቅ ፎቶ። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው... ከባድ ጸሐፊ እንድመስል ብዬ ነዋ! የመጽሐፉ ስም ያለበት ባነር ገና ጎፋ ነው፤ አምጪዎቹ «መንገድ ላይ ነን» ይላሉ። ሰብለ ደግሞ ለእንግዶቹ ሽንኩርት ስትከትፍ ቆይታ፣ ያቀጥነኛል የምትለውን ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ ዓይኗ ቀልቶ ወረደች። ፎቶዬ ሥር አበባ አስቀምጣ አፍንጫዋን እየጠረገች ወደ ቤት ተመለሰች።

በረንዳ ላይ ልብስ የምታሰጣ አንዲት ጎረቤት ይህን አየች። በቃ፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል?

እኔ ከድንኳኑ ጀርባ፣ ምዕራፍ አምስት እንደሚያዘው፣ ዓይኔን ጨፍኜ በጥልቀት እየተነፈስኩ ነበር። የእግር ኮቴ ሰማሁ። ቀዳዳ ፈልጌ ባይ ከመካኒሳ ቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ሁሉ ነጠላውን እንደለበሰ ይገባል። «ምዕራፍ ሦስት ይሠራል ማለት ነው!» አልኩ በልቤ። ወዲያው ግን ለቅሶ ተሰማ። ምድር ቤት ሱቅ ያላቸው የእትዬ በላይነሽ ድምፅ ነው።

«ውሃ ሲጠፋ ጀሪካኔን አራተኛ ፎቅ የሚያደርስልኝ ልጅ... ማን ያድርስልኝ እንግዲህ?»

ሌላው ተቀበለ። ልጁ ሲታመም በመኪናዬ ሐኪም ቤት እንዳደረስኩት ተናገረ። አንዱ ደግሞ ደረጃ ላይ ሁልጊዜ ስሙን ጠርቼ ሰላም እንደምለው አነሳ። ስለ ትከሻ ቀና ማድረግ ትንፍሽ ያለ የለም። ያን ሁሉ ገጽ ስጽፍ ጀሪካኗን አንድ መስመር አልሰጠኋትም። እውነቴን ነው፣ እኔም አለቀስኩ። እስቲ ፍረዱኝ፣ የራሱን ለቅሶ ቆሞ የሚሰማ ስንት ሰው አለ? ትንሽ ሞቼ ልቆይ ብዬም ተመኝቻለሁ።

ግን ወይዘሮ ራሔል ሊደርሱ ነው። እንባዬን ጠረግሁ፤ በምዕራፍ አምስት መሠረት እጄን ዘርግቼ፣ ጥርሴን ገልጬ፣ በነጭ ሱፌ ብቅ አልኩ።

«እንደምን አደራችሁ፣ ውድ ወገኖቼ!»

ነጭ ሱፍ መልበስ አልነበረብኝም። ድንኳኑን ለመጽሐፍ የፈቀዱት ጋሽ ተክሌ እንኳ ሌሊቱን ሞተ መባሌን አምነው ኖሮ ሦስት ጊዜ አማተቡ። ከኋላ የተቀመጡት በሸራው ሥር ለመሹለክ ሲታገሉ እርስ በርስ ተጠላለፉ። እትዬ በላይነሽ ግን ደፋር ናቸው። ቀረቡና ጉንጬን ቆነጠጡኝ፤ መሞቄን ሲያረጋግጡ በነጠላቸው ጫፍ ይገርፉኝ ጀመር። በባዶ ሆዳቸው ነው ያስለቀስኳቸው፤ አይፈረድባቸውም። ደክሟቸው ሲያበቁ አቅፈውኝ እንደገና አለቀሱ፤ ሰዉም ይሄኔ በደስታ ተከተላቸው።

ወይዘሮ ራሔል የገቡት በዚህ መሐል ነው፤ እንደ አገራችን ልማድ ዘግይተው። ድንኳኑ ጢም ብሏል፣ ሰው ሁሉ እንባውን ይጠርጋል፣ አንዲት እናት አሰልጣኙን አንቀው ይዘዋል።

«ምን ብለሃቸው ነው?» አሉኝ ፈዝዘው።

«ገና እንደምን አደራችሁ ነው ያልኳቸው።»

ምዕራፍ ሰባት ስለ ታማኝነት ነው። በዚያች ደቂቃ ትዝ አላለኝም። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል፤ የሰው እንባ ግን፣ ወዳጄ... እንዴት አድርጎ ያደምቃል! እዚያው ተጨባበጥን። ሐሙስ ሠራተኞቻቸውን ላሠለጥን፣ ነገር ግን ልክ እንደዚህኛው ሕዝብ ላስለቅስላቸው። ካላስለቀስኩ ሁለተኛ ዓይኔን አያዩም።

ሰኞ የእትዬ በላይነሽን ጀሪካን ፎቅ አድርሼ በሱቃቸው በኩል ወረድኩ። ከምርቃቱ የወሰዱትን መጽሐፌን የሚንገዳገደው ሚዛናቸው ሥር አስገብተውታል፤ ሚዛኑ ቀጥ ብሏል፣ ብቃት ማለት ይኸው ነው። ከዚያ ቀጥታ ጋሽ ተክሌ ቤት ሄድኩ። ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ከተቻለም ሰዉን ለሐሙስ እንዲያውሱኝ ለመንኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ቆይተው አዩኝ።

«ልጄ፣ በእድራችን ደንብ አንድ አባል የሚለቀስለት አንድ ጊዜ ነው» አሉኝ። «ያንተን ጨርሰሃል።»