ሹራብ በገንዳ ውሃ

ስለ ልጁ እውነቱን የሚናገር ወላጅ የለም። አለ ካላችሁኝ ያ ሰው ወይ ልጅ የለውም፣ ወይ ልጁ ገና ድክ ድክ ማለት አልጀመረም። የቀረነው ግን "ልጆቹ እንዴት ናቸው?" ስንባል ጥያቄው ሳያልቅ "ደህና ናቸው፣ ተመስገን!" ብለን የምንገላገል ቀጣፊዎች ነን። አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ፣ አንዷ የዱቄት ዕቃ ውስጥ ገብታ፣ እኛ በአንድ እጃችን ስልክ፣ በሌላው መወልወያ ይዘን... ደህና ናቸው!

እኔማ በዚህ ሥራ የታወቅሁ ነኝ። የባሌ ቤተሰብ "የአባባ ልጆች" የሚባል የቴሌግራም ግሩፕ አለው። ያቋቋሙት ጎንደር የሚኖሩት የባሌ ታላቅ እኅት፣ እትዬ ወርቄ ናቸው። ሕጉ አንድ ነው፤ እሑድ እሑድ ሁሉም የልጆቹን ወሬ ከነፎቶው ይልካል። ደሳለኝ፣ ማለትም ባሌ፣ የትራክተር መካኒክ ነው። "አንቺ ጋዜጣ ላይ ትጽፊ የለም ወይ፣ ይሄ ምን ያቅትሻል?" ብሎ ሥራውን ወደ እኔ ገፋው።

እኔም እጽፋለሁ። የሰባት ዓመቱ ያቤጽ የጎረቤታችን የዘሃራ ሱቅ ውስጥ ፍየል አስገብቶ የብስኩት ካርቶን ያስበላ ሳምንት "ያቤጽ ለእንስሳት ያለው ፍቅር ልዩ ነው" ብዬ ጻፍሁ። የአራት ዓመቷ ሶልያና ፀጉሯን በአባቷ ግሪስ የተቀባች ሳምንት ደግሞ "ሶሊ ራሷን መጠበቅ ጀምራለች" አልሁ። አክስቱም አጎቱም ቀይ ልብ ይልካል። ይህን ውሸት እንዳትሉብኝ፤ እውነትን ለእንግዳ ፊቷን አጥቦ ማቅረብ ነው።

አሁን አባባን ላስተዋውቃችሁ። አባባ የደሳለኝ አባት ናቸው፤ ዳባት ነው የሚኖሩ። በወጣትነታቸው የወባ መድኃኒት ረጪ ሆነው፣ ፓምፕ በጀርባቸው አዝለው፣ ይህን እኛ የምንኖርበትን የመተማን ቆላ ሁለት ክረምት ዞረውታል። ከዚያ ወዲህ አገሩ በእሳቸው ልብ ውስጥ ንቅንቅ አላለም። ገንዳ ውሃ ዛሬ ባንክ በባንክ ሆኗል፣ ባጃጁ መንገድ ዘግቷል፣ የሰሊጥ መጋዘኑ ዓይን አይዘልቀውም ብትሏቸው በትዕግሥት ሰምተው "ትንኟስ?" ይሏችኋል። ትንኟማ አለች። ምን ተብሎ ይመለሳል?

ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ደግሞ አንድ ልማድ አመጡ። ክረምት ሊገባ ሲል ይደውሉና "ሶሊን ላኪልኝ፤ ደጋ ትክረምልኝ" ይላሉ። ለአንድ ክረምት ብቻ ከሆነማ ምን ችግር አለው እንዳትሉኝ። ለአያት የተሰጠ ልጅ መቼ በቀጠሮው ተመልሶ ያውቃል! ደሳለኝ ራሱ በልጅነቱ አያቱ ዘንድ ሊከርም ሄዶ ስምንተኛ ክፍል ጨርሶ ነው የመጣ። ለሽማግሌ ደግሞ እንቢ አይባልም። ስለዚህ "እሺ አባባ" እላለሁ፤ እሺ ብዬ ዝም እላለሁ፤ በዝምታዬ ውስጥ ክረምቱ ያልፋል። ሁለት ክረምት እንዲህ አምልጫለሁ።

ዘንድሮ በሚያዝያ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ከዳባት አንድ ፌስታል መጣ። ስከፍተው ሁለት የሱፍ ሹራብ፣ ዚፑ እስከ አገጭ የሚዘጋ፤ ከሥሩም ሁለት የሱፍ ቆብ። ሚያዝያን በገንዳ ውሃ ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ዶሮዎቹ ሳይቀሩ አፋቸውን ከፍተው ነው የሚውሉ። እኛ ቤት ከወገብ በላይ የለበሰ ሰው እንግዳ ብቻ ነው። በማግሥቱ አባባ ደወሉ። የቆላ አየር እንደሚያታልል፣ ብርድ ከውስጥ እንደሚነሣ በሰፊው አስረድተውኝ ሲያበቁ፣ ልጆቹ ሹራቡን ለብሰው ፎቶ እንድልክላቸው አዘዙኝ። እሺ አባባ።

እሑድ ከቀትር በኋላ ሥራው ተጀመረ። መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ቆሟል። ሹራቡን ገና ለያቤጽ ሳሳየው ከአልጋ ሥር ገባ። መላውን ያመጣው ደሳለኝ ነው፤ ሞተር ሲግል ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ሰው ስለሆነ ልጆቹ መጀመሪያ ይቀዝቅዙ፣ ከዚያ ይልበሱ፣ ከዚያ ሳይግሉ ቶሎ ይነሡ አለ። ሐሳቡ ጥሩ መስሎኝ ነበር! ዘሃራ ከፍሪጇ የተረፈውን በረዶ ያለበት ውሃ በጆክ ይዛልን መጣች። ራሳቸው ላይ ቸለስንባቸው። ሶሊ መንደሩን በጩኸት አቀለጠችው። ሹራቡን አጠለቅን፣ ዚፑን እስከ አገጭ፣ ቆቡን እስከ ቅንድብ... ደሳለኝ ስልኩን ደገነ፣ ነካ፣ አበቃ። እኔም ሳላየው "ሹራቡ ልክክ ብሏቸዋል። ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ተመስገን" ብዬ ጽፌበት ላክሁና ልጆቹን ለመግፈፍ ሮጥሁ።

ተረጋግቼ ስከፍተው ለካ ፎቶ አይደለም። ባሌ የነካው ቪዲዮውን ነው። ሶሊ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ትንቀጠቀጣለች፤ ዓይኗ በለቅሶ ቀልቷል፤ ከግንባሯ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ያቤጽ ከጎኗ "እማዬ፣ ሞትሁ" ይላል። ከበስተኋላ የዘሃራ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ "ኸላስ፣ ተዉ፣ እነዚህን ልጆች ልትገድሏቸው ነው" እያለች። ከሥሩ የእኔ ጽሑፍ፤ ልጆቹ ደህና ናቸው። ላጠፋው ስል ኔትወርኩ ሄደ። የእኛ አገር ኔትወርክ ሲሄድ ደህና ሰንብቱ እንኳ አይልም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከቴሌግራም የወጣ ግን ዳባት ይደርሳል።

መንቀጥቀጥ፣ የቀላ ዓይን፣ ላብ የሚመስል ውሃ... የወባ መድኃኒት ሲረጭ የኖረ ሰው ይህን ሲያይ ምን እንደሚል ለእናንተ አልነግራችሁም። ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። አባባ በካፖርት ላይ ጋቢ፣ በጋቢው ላይ ያ ሁሉ መንገድ የሰጣቸውን አቧራ ደርበው ወረዱ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ሰላምታም ሳይሰጡኝ "በሕይወት አሉ?" አሉኝ።

ነበሩ። ጓሮ ከዘሃራ ልጆች ጋር ራቁታቸውን ሳፋ ውስጥ ገብተው ጭቃ ይወራወራሉ። አባባ ያቤጽን ከነጭቃው ያዙት። የዓይኑን ቆዳ ወደ ታች ስበው አዩ፣ ምላሱን አስወጡት፣ ጣፊያው አብጦ እንደሆነ ከጎድኑ ሥር ጫን ጫን አደረጉት። ልጁ ኩርኩር ስለሚፈራ ተንከተከተ። ሶሊም ተራዋ ሲደርስ ገና ሳትነካ ሣቀች። አባባ አላመኑም። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ሁለቱንም ይዘው ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ ጣታቸው ተወጋ፣ ደማቸው ታየ፣ ምንም የለም ተባለ።

"ዛሬ የለም ማለት ነገ የለም ማለት አይደለም" አሉ ሲመለሱ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ደሳለኝን አዩት፣ እኔን አዩኝ። "ልጅቷን ነገ ይዣት እሄዳለሁ።"

አፌ የለመደውን ያውቃልና "እሺ አባባ" አለ። ይሄ እሺ እንደ ሌሎቹ በዝምታ የሚያልፍ አልነበረም፤ አውቶቡሱ ነገ ጠዋት ነው፣ ሰውየው ደግሞ ፊት ለፊቴ ናቸው። ደሳለኝን አየሁት። የትራክተር ሞተር ፈትቶ የሚበትን ወንድ አባቱ ፊት ጥፍሩን ይመለከታል። ተነሥቼ ጓዳ ገባሁና የልጄን ልብሶች አንድ በአንድ ማጠፍ ጀመርሁ። እያጠፍሁ አለቀስሁ። የሚያበሳጨኝ ደግሞ አባባ ፈጽሞ ተሳስተዋል ማለት አለመቻሌ ነው። ዳባት ብርድ እንጂ ወባ የለም። ሽማግሌው ልጅቷን ይወዷታል። ምን ብዬ ልከራከር?

ይህን ጊዜ ያቤጽ ከሳሎን ሲያወራ ሰማሁት። የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባላል። የእኔ ልጅ ያን ቀን ብስሉን አወጣ።

"አባባ፣ ሶሊ አሁን አላመማትም እኮ። ያመማት ያኔ በሰሊጡ አጨዳ ጊዜ ነው። እማዬ ለአባባ እንዳትነግር ብላኛለች።"

እንግዲህ እናንተም አትታዘቡኝ። ባለፈው ጥቅምት ሶሊን ወባ ይዟት ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ እንደ ፍም ግላ በእቅፌ ውላለች። በመካከሉ እሑድ ደረሰ። ግሩፑ ላይ የቆየ ፎቶ ፈልጌ ለጠፍሁና "ሶሊ ዛሬ በጣም ደስ ብሏታል" ብዬ ጻፍሁ። በታመመች ጊዜ ደህና ናት አልሁ፣ ታመነልኝ። ደህና በሆነች ጊዜ ደህና ናት አልሁ፣ ሰው ከዳባት ገስግሶ መጣ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚሉት ወደው አይደለም።

ልብሱን እንደያዝሁ ወጣሁ። አባባ ቀስ ብለው "ለምን አልነገርሽኝም?" አሉኝ።

"ይወስዱብኛል ብዬ ፈርቼ ነው፣ አባባ።"

ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ እንደ ጤና ባለሙያ ይጠይቁኝ ጀመር። በስንተኛው ቀን ጤና ጣቢያ እንደወሰድኋት፣ መድኃኒቱን ከምግብ ጋር ሰጥቻት እንደሆነ፣ ትኩሳቱ ቢለቃትም እስከ መጨረሻው ጨርሳ እንደሆነ። ሁሉንም መለስሁ። አጎበሩንም አሳዩኝ አሉ፤ ወጥረው ቀዳዳ ፈለጉ፣ ሁለት አገኙ። ከዚያ ካፖርታቸውን አወለቁ። ያን ቀን ሲያወልቁ ገና መጀመሪያቸው ነው።

"ልጅቷን አልወስዳትም" አሉ። "እናቷ ግን የምትዋሽ ሆና አግኝቻታለሁ። የሚጠብቃት ሰው ያስፈልጋል። እዚሁ እከርማለሁ።"

ደሳለኝ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ "እሺ አባባ" አለ። እኔም ልብሱን ወደ ቦታው ለመመለስ ስሮጥ በሩ ላይ ልወድቅ ነበር።

እንግዲህ አባባ ከሚያዝያ ጀምሮ እኛ ዘንድ ናቸው። በየማታው አጎበር ይፈትሻሉ። ከቤት ፊት ለፊት ያቆረ ውሃ ካዩ እንደ ደመኛ ነው የሚያዩት፤ የመንደሩን ልጆች አሰልፈው አካፋ ያስይዛሉ። ዘሃራ ከሱዳን የሚመጣውን ቀይ የአበባ ሻይ፣ ከርከዴውን፣ በብርጭቆ እየላከችላቸው፣ አንድ ቀን ሱቋ በር ላይ ያለውን አሮጌ ጎማ ውሃ ይይዛል ብለው ስላስጣሏት ለአንድ ሳምንት ተኳርፈዋል። ሶሊ ከጎናቸው አትጠፋም። ቀስ በቀስ አንድ ነገር ገባኝ። እኚህ ሰው በየእሑዱ ግሩፑ ላይ "እኔም ደህና ነኝ" ብለው የሚጽፉት ያን ሁሉ ጊዜ ብቻቸውን ባዶ ቤት ተቀምጠው ነበር። እትዬ ወርቄ ጎንደር እኔ ዘንድ ይኑሩ ብለው ስንቴ ለምነዋቸዋል፤ የፎቅ ቤት እስር ቤት ነው ብለው እንቢ አሉ። ከእኔና ከደሳለኝ ግን ኑ ያላቸው የለም። ይህን ሳስብ አፈርሁ።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ወረደ። የሰውን ሁሉ አጎበር በእጃቸው የሚያስሩት አባባ፣ ራሳቸው ሙቀቱን አልቻሉትምና በረንዳ ላይ በጠፍር አልጋ ያለ አጎበር ይተኙ ነበር። ብንለምናቸው "ትንኟ እኔን ታውቀኛለች" ይሉናል። አወቀቻቸው! ባለፈው ሐሙስ ተንቀጠቀጡ፣ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው፣ ወባ ሆኖ ተገኘ። እኔና ደሳለኝ አንድ ጥግ ሆነን አንዳችን የሌላችንን ፊት ላለማየት ስንታገል ዋልን፤ ከተያየን እንሥቃለን ብለን ነው፤ ደግሞም ፈርተናል። አሁን ትኩሳቱ ለቋቸዋል፤ መድኃኒቱንም ጨርሰዋል። ሶሊ እየቆመችባቸው እንዴት አይጨርሱ!

እሑድ ዕለት ስልኬን ሳነሣ ከአልጋቸው ጠሩኝ። ድምፃቸው ገና ደካማ ነው። ጠጋ በይ አሉኝ፤ ጠጋ አልሁ።

"ወርቄ ይህን ከሰማች መኪና ይዛ መጥታ ጎንደር ትወስደኛለች" አሉኝ። "አባባ ደህና ናቸው ብለሽ ጻፊ።"

በቴሌግራም እንደታዘዝሁት ጻፍሁ፤ ቀይ ልቡም ዘነበልኝ። ስለ ጋዜጣ ግን ምንም አላሉኝም። እትዬ ወርቄ፣ ይህን ዓምድ ሳያነቡ እንደማያልፉት አውቃለሁ። አባባ ወባ ይዟቸው ነበር፤ አሁን ተሽሏቸዋል፤ ይህኛው እውነት ነው። ይምጡና ይዩዋቸው፣ የሚተኙበት አልጋ አናጣም። መውሰድ ግን የለም።